ጠጠርና ባቄላ

ባቄላ አልበላም። ንፍሮውንም፣ አሹቁንም፣ ቆሎውንም። ሰው ቤት ስሄድ ይሄ ጉዴ ያሳፍረኛል፤ የወሎ ቦረና ሰው በጾም ቀን ባቄላ ካልበላ ምን ሊበላ ነው? «ሆዷን ያማታል» ብለው ይተውኛል። እኔም «አዎ፣ ሆዴን ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ሆዴን ነው።

ባለፈው መካነ ሰላም አውቶቡስ ተራ ወርጄ ሻንጣዬን ሳስተካክል፣ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ባቄላ ትቆላለች። ልጣጩ ሲያር የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «እንኪ ቅመሽ፣ እንግዳ ነሽ መሰለኝ» አለችኝ። እንግዳ! ተወልጄ ባደግኩበት አገር! እግዜር ይስጥልኝ፣ አልበላም ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ወርዷል። ሴትዮዋ ጭሱ መስሏት ምድጃዋን በጨርቅ ታራግብልኝ ጀመር። የዋህ ናት፣ ዕድሜ ይስጣት።

ያ ዓመት ነው ያስለቀሰኝ። ደርግ ገና አልወደቀም፤ ትልቁ ድርቅ አልፎ መሬቱ እህል መስጠት ጀምሯል፤ ጦርነቱ ግን ሰሜን ነው እየተባለ የየቤቱን ወንድ ይለቅማል። እኔ ጥርሴን የምቀይር ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ አባባን መምራት ነው።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ መሪጌታ ክንፈ ነው ሰው የሚላቸው። ዓይናቸው የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው። የበትራቸውን አንድ ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት እንመላለሳለን። ጋቢያቸው የብራናና የእጣን ትራፊ ይሸታል። ያን ሽታ እወደው ስለነበር ነፋስ ሲኖር ሆን ብዬ ከኋላቸው እሆናለሁ፤ «ብርቄ፣ መሪ ከኋላ ይሄዳል እንዴ?» ብለው ይቆጡኛል።

መንገድ ላይ ዝም ማለት አይወዱም። ዘር ያስቆጥሩኛል። ልጅ ሰባት ቤት ካልቆጠረ ነገ ዘመዱን ያገባል። «ብርቄ የወርቄ፣ ወርቄ የክንፈ፣ ክንፈ የተክሌ...» እያልኩ እወጣለሁ። ሰባቱን ስጨርስ አባባ ሳይተነፍሱ ይቀበሉኛል፤ አብርሃም ይስሐቅን ወለደ፣ ይስሐቅም ያዕቆብን ወለደ፣ ያዕቆብም ይሁዳንና ወንድሞቹን... በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እርምጃ። መጋጠሚያው የት እንደሆነ ማን ነገረኝ? ሁሉም ዘመዶቼ መሰሉኝ። ይስሐቅ ከከላላ ከተማ ማዶ የሚኖሩ የአባባ ታላቅ ወንድም፣ ርብቃ ለፋሲካ ብቻ የምትመጣ የእማዬ አክስት። ግብጽ ደግሞ ዓባይ ከኛ ገደል ወርዶ የሚሄድበት ቆላ ነው፤ እህል ያለው እዚያ ነው፤ በድርቁ ጊዜ ሰዎቻችን ለምን ወደዚያ እንዳልወረዱ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

ኧረ ግን ምን ዓይነት ዘመዶች ናቸው! አንዱ ዕውር አባቱን ያታልላል። አንዷ ባሪያዋን ከነልጇ በረሃ ታባርራለች። አሥር ወንድሞች ተሰብስበው አንዱን ይሸጡታል፣ ከዚያ ልብሱን ደም ነክረው ለአባታቸው ያሳያሉ። አንድ ቀን ለጎረቤታችን ልጅ «እኛ ዘመዶቻችን ልጅ ሸጠዋል» ብዬ ነገርኳት። ለእናቷ ነገረች። እናቷ ለእናቴ። እማዬ ጆሮዬን ይዛ ከጓሮ እስከ ደጅ አመጣችኝ። «ማን ነው ልጅ የሸጠ? አንቺ ቀጣፊ! ማን ነው?»

«ዮሴፍን!» አልኩ እያለቀስኩ።

አባባ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ተያት ወርቄ፣ አልዋሸችም» አሉ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። «መጽሐፍ የጻፉት ሰዎች ለምን አልደበቁላቸውም? ያሳፍራል እኮ!» አልኳቸው። አባባ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ፣ «ቢደብቁትማ እኛ የት እንገባ ነበር?» አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ቤት የምንገባበት ነገር መስሎኝ በሩን አየሁ።

ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። ደምሌ ታላቁ ነው፤ እማዬ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደችው። አባቱ ገና ጡት ሳይጥል ነው የሞተው። እሸቱና እኔ የአባዬ ልጆች ነን። አባዬ ደምሌን መትቶት አያውቅም፤ አቅፎትም አያውቅም። እሸቱን ግን ገበያ ሲወስደው፣ በቅሎ ላይ ሲያወጣው፣ ስለ እርሻ ሲያማክረው ይውላል። እማዬ ደግሞ ወጥ ስታወጣ ጭልፋዋ ደምሌ ጋ ይዘገያል። ሁላችንም እናያለን፣ ማንም አይናገርም። ልጆቹ ግን እርስ በርስ ይዋደዱ ነበር። አንድ ጋቢ ለብሰው ነው የሚያድሩት፤ ማታ ማታ ሲሳሳቁ እማዬ «ኧረ እናንተ ልጆች ተኙ!» እያለች ትጮህባቸዋለች።

በኅዳር መጨረሻ፣ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ አውድማ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአንድ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ጋር መጣ። አልተቀመጠም። ሁለት ጎልማሳ ካለበት ቤት አንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል አለ። ኮታ መጥቷል።

«መኸሩን ማን ያነሳል?» አለ አባዬ።

«ለዚያ ነው አንዱን የተውኩላችሁ። የትኛው እንደሆነ እናንተው ጨርሱ፣ እኔ በወንድማማች መሀል አልገባም። ለታኅሣሥ ሚካኤል ማግስት መኪና ይመጣል።»

እሱ ከመሄዱ አባዬ፣ «ደምሌ ታላቅ ነው፣ ደምሌ ይሂድ» አለ።

«ልጅህ ስላልሆነ ነው!» አለች እማዬ። አባዬ ጎንበስ ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰ። ባይመልስ ይሻል ነበር ወይስ ቢመልስ፣ እስካሁን አላውቅም።

አባባ ከጥጋቸው፣ «ዕጣ ይጣል» አሉ።

ማንም አልተከራከረም። የኛ ሰፈር ዕጣ የሚወጣው በአባባ እጅ ነው። ቅርጫ ሲታረድ፣ የጋራ መሬት ሲከፈል፣ ሁሉም የየራሱን ምልክት ስልቻ ውስጥ ይጥላል፤ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የእህል ፍሬ። አባባ እጃቸውን ከተው ያወጣሉ። ዓይን የላቸውምና አያዳሉም ይባላል። በዚህ እንኳ እኔ እኮራ ነበር፤ እስከ ስልቻው የምመራቸው እኔ ነኛ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አባባን አስቀምጬ ሳለሁ እማዬ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ሂጂ ከምንጩ ውሃ አምጪላቸው» አለችኝ። አባባን ውሃ አልጠማቸውም፤ ግን ሄድኩ። ከአጥሩ ጀርባ ደምሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል። ሽርር፣ ሽርር ይላል ማጭዱ። ምንጩ ጋ ደርሼ ስመለስ ድምፁ የለም። ደምሌ እዚያው ነው፤ ማጭዱ ጭኑ ላይ፣ መሳያው እጁ ላይ፣ ዓይኑ መሬት ላይ። «ደምሌ፣ ምን ሆንክ?» አልኩት። «አብሽሪ፣ እጄ ደክሞኝ ነው» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ዘር አላስቆጠሩኝም። ዝምታው ሲያስጨንቀኝ ያንን የይስሐቅን ነገር አነሳሁ። ይስሐቅ ዓይኑ ፈዞ፣ ታላቁን ልጁን ኤሳውን ሊመርቅ ሲል፣ ርብቃ ታናሹን ያዕቆብን የፍየል ለምድ አልብሳ አስገባችው፤ አባባ ሺህ ጊዜ ነግረውኛል።

«አባባ፣ ይስሐቅ ግን እንዴት ልጁን አያውቅም? እርስዎ በኮቴዬ ያውቁኝ የለም?»

ጥቂት ሄዱ። «ማን ነው አላወቀም ያለሽ?» አሉ። «የዕውር ሰው እጅ ያውቃል ልጄ። እጁ እያወቀ፣ ልቡ አላውቅም ሊል ይችላል።»

ዕጣው የተጣለው አውድማ ላይ ነው። ሁለት ጎረቤቶች ለምስክርነት መጥተዋል። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ቀድሞ የወጣው ይሄዳል። እማዬ ጠዋት ላይ ምልክቱን በገዛ እጇ ሰጠቻቸው። ለደምሌ አንዲት ባቄላ። ለእሸቱ አንዲት ጠጠር። ለምን እሷ እንደሰጠች ማንም አልጠየቀም፤ እናት ናት።

እኔ ከጤፉ ክምር ጀርባ ለአባባ የሚቀመጡበትን ገለባ እያነጠፍኩ ነበር። ወንድሞቼ እዚያ መጡ። ደምሌ እጁን ዘረጋ። «ያንን ጠጠር ወዲህ በላት። አንተ ባቄላዋን ያዝ።»

«ለምን?» አለ እሸቱ።

«ባቄላ መቼ ወድጄ አውቃለሁ?» ብሎ ሳቀ። እሸቱም ሳቀ፣ ተለዋወጡ። ዕጣ ዕጣ ነው፤ በምን ቢጣል ምን ለውጥ አለው? እኔም ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። ሦስታችን አብረን የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ ይኸው ነው።

ምስክሮቹ እያዩ ደምሌ ጠጠሩን፣ እሸቱ ባቄላዋን ስልቻው ውስጥ ጣሉ። እማዬ ግን ስልቻውን አላየችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። አባባን መርቼ አስቀመጥኳቸው። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እጃቸውን ከተቱ። ሌላ ጊዜ ከተው ወዲያው ነው የሚያወጡት። ያን ቀን እጃቸው ስልቻው ውስጥ ቆየ። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጠጠሩ መዳፋቸው ላይ ነው።

«የማን ነው?» አሉ አባባ።

«የደምሌ» አለ አንደኛው ምስክር።

«የማን?»

«የደምሌ ነው መሪጌታ። ጠጠር የጣለው ደምሌ ነው።»

እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈችው። «አይደለም!» ብላ ጮኸች። «የሱ ባቄላው ነው! ባቄላው ነው የሱ!» ገለባው ላይ ወደቀች። ሴቶች መጥተው አነሷት፤ ሐዘን ነው ያናገራት አሉ። አባዬ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀው፤ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት፣ ጠላሁት። ደምሌ ሄዶ እናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «አብሽሪ እማ። አብሽሪ። እመጣለሁ» አላት። እሷ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ብቻ ታየዋለች። እሸቱ እዚያው እንደቆመ ነው። መጀመሪያ እናቱን አየ፣ ቀጥሎ ስልቻውን።

ለሚካኤል ማግስት ትልቁ መኪና መጣ። የየሰፈሩ ልጆች መኪናው ላይ ተጭነው «እናት አገር!» ይሉ ነበር፤ ደምሌ ግን ይፈልገኛል በዓይኑ። ሲያገኘኝ ጥርሱን አሳየኝ። መኪናው ወደ ደሴ መንገድ ዞረ። እኔ ተናደድኩ። ዓይኔን አላምን ብዬ የአባባን ጋቢ ጎተትኩ፤ «አባባ፣ መኪናው ተሳስቷል! ዓባይ እኮ በዚህ በኩል ነው! ግብጽ በዚህ ነው!» አልኳቸው። እንግዲህ በኔ ቤት ነገሩ አልቋል፤ ወንድሙ ቤት ቀርቶ እሱ የተሰጠ ልጅ ዮሴፍ ነው። ታስሮ ይፈታል፣ ሹም ይሆናል፣ ከዚያ እህል ጭኖ ይልክልናል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። የሰው ለቅሶ ሁሉ ያላወቁ ሰዎች ለቅሶ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልቀምስ አሉ። ጠዋት ጠዋት ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ፤ «ፈራጅ ነህ፤ እጄን ይዘህ ፈረድክብኝ፤ ፍርድህ ቅን ነው» ይላሉ። ሲሉት ግን ድምፃቸው ውስጥ አንድ የተደገፈ ነገር ነበር። እኔ ያንን ድጋፍ ከሥራቸው መንግሎ የሚጥል ነገር አፌ ውስጥ እንዳለ መቼ አውቄ?

ጠዋት ነው፣ ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ስለ ደምሌ አወራለሁ፤ ሌላ ወሬ የለኝም። «አባባ፣ ደምሌ ጠጠሩን ከእሸቱ ባይቀበለው ኖሮ እኮ አይሄድም ነበር። እግዜር ነው ያቀባበላቸው አይደል?»

በትሩ እጄ ላይ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

ነገርኳቸው፤ ክምሩን፣ ሳቁን፣ ባቄላ አልወድም ማለቱን።

«ያን ቀን፣ እናትሽ እኔ ዘንድ መጥታ ውሃ አምጪ ያለችሽ ቀን፣ ደምሌ የት ነበር?»

«ከአጥሩ ጀርባ። ማጭድ እየሳለ። በኋላ ግን መሳሉን ትቶት ነበር።»

አባባ ውርጩ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ እንደሚቀመጥ አይደለም፣ ባሉበት ቁልቁል ነው። «ልጁ ሰምቶናል» አሉ። «እኔ እግዜር ነው ብዬ፣ እጄን ይዞ ገለበጠብኝ ብዬ... ልጁ ነው የሰማን።» ከዚያ ለእኔ ይሁን ለሣሩ፣ አንድ ባንድ ተናገሩ። እናትሽ ጠጠሩ የእሸቱ ነው ብላኝ ነበር አሉ። ደምሌ አባት የለውም፣ እሸቱ ግን አባቱ ይጸልይለታል፣ ጠጠሩን አውጣልኝ ብላ እግራቸው ላይ ወድቃለች። እንቢ ብለው ሰደዷት። ስልቻው ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ግን እጃቸው ባቄላውን ነካ፣ ተወ፤ ጠጠሩን ነካ፣ ያዘ። ስሙን የጠሩት አምላክ እያየ።

እኔ የተረዳሁት ግማሹን ነው። የገባኝን ብቻ ጠየቅኩ፤ «ደምሌ ታዲያ ዮሴፍ አይደለም?»

«አይደለም። ይሁዳ ነው።»

ይሁዳን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ዮሴፍን እንሽጠው ያለ እሱ ነው፤ በመጨረሻ ግን ታናሽ ወንድሙ ብንያም ግብጽ ሊቀር ሲል፣ እኔን ስለ እሱ ባሪያ አድርገህ አስቀረኝ ያለ። «ይሁዳ ግን አልቀረም እኮ፤ ተመልሷል!» አልኩ።

«እዚያ ዮሴፍ ነበራ፤ አልቅሶ ለቀቀው» አሉ አባባ። ዓይናቸው አያይም እንጂ ያነባል። «የኛን ማን አልቅሶ ይለቅልናል?»

ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልደረስንም።

ገና መጣ። ሰፈሩ በሬ አረደ፤ ሥጋው በየመደቡ በቅጠል ላይ ተከፈለ፤ ሰው ምልክቱን ስልቻ ውስጥ ጣለ። እንደ ወትሮው «መሪጌታን አምጪያቸው» አሉኝ። መርቼ አመጣኋቸው። ስልቻውን አስጠጉላቸው። አባባ ሁለቱንም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«ሌላ ሰው ያውጣ።»

«ኧረ ምን ሆኑ? በርዶዎት ነው?» ብሎ አንዱ አሾፈ።

«ይህ እጅ አይቷል» አሉ። «የሚያይ እጅ ዕጣ አያወጣም። አንዴ አይቶ ሰው ሰጥቷል።»

ሰዉ ተያየ። አንዳንዱ አርጅተዋል ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ስልቻው ለሌላ ተሰጠ፤ ሥጋው ተካፈለ፤ ሳቁና ጫጫታው ቀጠለ። ለእኛ ቤት ግን ያን ቀን ገና አልነበረም። እሸቱ ድርሻችንን ተሸክሞ ገብቶ ሥጋውን መሬት አስቀመጠ። እማዬ ፊት ቆመ።

«ጠጠሩን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አላት።

እማዬ ሥጋውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«የደምሌ ባቄላው ነው ብለሽ ጮኸሻል። ስለዚህ ጠጠሩ እንደሚወጣ ታውቂ ነበር። እኔ እንድሄድ ነበር?»

«ልጄ...»

«ከሁለታችን እኔን ነበር እማ?»

አይደለም በይው! ብዬ በሆዴ ጮህኩ። ዋሺው፣ ምን አለበት፣ አንዴ ዋሺው! እማዬ ግን ውሸቷን ሁሉ አውድማው ላይ ጨርሳለች መሰለኝ፣ አንገቷን ብቻ ደፋች። እሸቱ ዱላውን አንስቶ ወጣ። አባዬ እስከ ወንዙ ተከትሎ ለመነው፤ አልተመለሰም። ከላላ የአባዬ እህት ዘንድ ሄዶ በሰው አውድማ ላይ ይሠራል ተባለ። እማዬ በገበያ ቀን አገልግሏን ሞልታ ከላላ ድረስ በእግሯ ሄደች። አገልግሉን ሳይከፈት መልሳ አመጣችው። በሚቀጥለውም ገበያ ሄደች፤ እንደዚያው። ጥሎኝ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት ብላ ይህንኑ እንደ ትልቅ ነገር ለአባባ ስትነግር ሰማኋት።

የጥምቀት ሰሞን፣ ደጅ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። ጨው የሚያመላልሰው ነጋዴ፣ ሰይድ፣ ከላላ ገበያ ውሎ መጣ። ሌላ ጊዜ ከሩቅ «አሰላሙ አለይኩም፣ ደህና ዋላችሁ» እያለ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን በቅሎውን እየሳበ ዝም ብሎ ደረሰ።

«ወርቄ» አላት፣ «አላህ ያጽናሽ። ትናንት ገበያውን ከበው ወጣቱን ሁሉ አፈሱት። እሸቱ አለበት። አይቼዋለሁ፣ መኪና ላይ።»

ሰፌዱ ተገለበጠ። ባቄላው ድንጋዩ ላይ እየነጠረ ደጁን ሞላው። እማዬ አልጮኸችም። ባቄላዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች፤ የሸሸውን እየተከተለች፣ ከበሩ ሥር፣ ከድንጋይ መሀል። እኔም አብሬያት ለቀምኩ። ሰይድ በቅሎውን እንደያዘ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

ለብዙ ቀን ከጓዳ አልወጣችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን መጥታ አባባ አጠገብ ተቀመጠች። ከዕጣው በኋላ አጠገባቸው ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«አባ፣ ያቺ ሴትዮ» አለች። «ርብቃ። ያዕቆብን ወንድሙ እንዳይገድለው ብላ ስትሰድ፣ ጥቂት ቀን ነው ብላው አልነበር?»

«ጥቂት ቀን ብላዋለች።»

«ተመለሰላት?»

«ሲመለስ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። እሷን አገኛት አይልም።»

«ኋላ ምን ሆነች?»

«አልተጻፈም።»

«ስትሞትስ?»

«የሞግዚቷ ሞት ተጽፏል። የእሷ አልተጻፈም።»

«እንኳን አልተጻፈ» አለች እማዬ። ከዚያ መሬቱን በጣቷ እየጫረች፣ «የት ጣሏት?» ብላ ጠየቀች።

አባባ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «አልጣሏትም ልጄ። አብርሃምና ሣራ ያሉበት ዋሻ ነው የቀበሯት። ከባሏ ጋር። ያዕቆብ ሲሞት ራሱ ተናግሮታል፤ ርብቃን እዚያ ቀበሯት ብሎ። ከነሥራዋ እዚያው ናት።»

«ያንን ሁሉ ሠርታ?»

«ያንን ሁሉ ሠርታ። እኔም ሌላ የምይዘው የለኝም ወርቄ። ደህና ሰዎች ቢሆኑ ኖሮማ እኔ ዛሬ በየትኛው አፌ አብርሃም ይስሐቅን ወለደ እላለሁ?»

እማዬ ራሷን ጭናቸው ላይ ጣለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አባባ ያንን እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡት፤ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ራሷ ላይ አረፈ። በጎ ነገር አልተናገሩም፤ ይመጣሉ አላሉም። እኔ ግን ይመጣሉ እንዲሉ እየጠበቅኩ ነበር።

«ብርቄ» አሉኝ በኋላ፣ «ቁጠሪ።»

ከታች መነሳት ለምጄ «ብርቄ የወርቄ...» ስል አስቆሙኝ። «ከላይ ወደ ታች። እንደ መጽሐፉ። አንዱንም አትደብቂ።»

ከላይ ጀመርኩ። ተክሌ ክንፈን ወለደ። ክንፈ ወርቄን ወለደ። ወርቄ ደምሌን ወለደች፣ እሸቱን ወለደች፣ ብርቄን ወለደች። «ደምሌም...» አልኩና ቆምኩ። እማዬ ራሷን ከጭናቸው ቀና አድርጋ አፌን ታየኛለች።

«ደምሌም ማንን ወለደ ልበል አባባ?»

«ጠብቂ» አሉኝ።

ደርግ ሲወድቅ የየሰፈሩ ልጅ በእግሩ፣ በምርኩዙ እየተንጠባጠበ ገባ። የኛዎቹ አልገቡም። አባባ አረፉ፤ እማዬም አረፈች፤ እንደ ርብቃ ከነሥራዋ ከአባቷ አጠገብ አስቀበርኳት፣ ማንም እንዳይጥላት። ዛሬም ለልጆቼ ዘር ሳስቆጥር ከላይ ወደ ታች ነው፤ ያደረጉትንም ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ደምሌ ላይ ስደርስ ግን አፌን እንደከፈትኩ እቀራለሁ። ልጆቹ «ከዚያስ?» ይሉኛል።

ጠብቁ እላቸዋለሁ።